ሰው ቤት ሲውል ጉዞው የት ሄደ?

ሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ መገናኛ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ያ 12 ሰው ይጭን የነበረ ሚኒባስ በኮሮና ምክንያት አሁን የሚጭነው 6 ብቻ ነው። ወያላው በሩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል። ስድስተኛው ሰው እንደገባ በሩ ይዘጋል። ሰባተኛዋ ግማሽ ሰዓት ተሰልፋ ቀረች። ታሪፉ እጥፍ ሆኗል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ "ኧረ ንፋስ ነው፣ ዝጉት!" የሚል አንድም ሰው የለም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት መክፈት ስንት ጠብ ሲያስነሳ እንደኖረ ለሚያውቅ፣ ሰው ምን ያህል እንደፈራ ይቺ ብቻ ትበቃዋለች።

አሁን ደግሞ ሰልፉን እንይ። ታክሲው ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡት ስድስት ሰዎች ከአምስት ደቂቃ በፊት ፌርማታው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነበር። ሚኒባሱ ግማሽ ሲጭን ሰልፉ እጥፍ ረዘመ። መጨናነቁ ከመኪናው ወርዶ አስፋልቱ ዳር ቆመ እንጂ አልጠፋም።

ስለ ኮሮና ዘመን እንቅስቃሴ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው "ቀነሰ" የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ ቀንሷል። ግን ቀረ ከተባለው ጉዞ ብዙው ቦታውን፣ ሰዓቱን ወይም ባለቤቱን ቀይሮ ነው የቀጠለው። አንዱ ቤቱ ሲቀመጥ የእሱን መንገድ ሌላ ሰው ሄዶለታል። ይህን ሳይዙ ቁጥሮቹን ማንበብ ያሳስታል።

በደህናው ጊዜ እንዴት ነበር የምንንቀሳቀሰው? እ.ኤ.አ. በ2008 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የ100,000 ሰዎችን የሞባይል ስልክ ምልክት ለስድስት ወር ተከታትሎ ነበር። ያገኘው ነገር ሰው ስለ ራሱ ከሚያስበው ይለያል። ከተማውን ሙሉ የምንዞር ይመስለናል እንጂ ደጋግመን የምንመለሰው ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ተከታይ ጥናት ደግሞ የሰውን ያለፈ እንቅስቃሴ በደንብ ያወቀ ቀጥሎ የት እንደሚሆን እስከ 93 በመቶ ድረስ መገመት እንደሚችል አሰላ። "እኔ ዛሬ የት እንደምውል አይታወቅም" የሚል ሰው ስልኩ ይታዘበዋል።

ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ፣ ጉሊት፣ የልጆች ትምህርት ቤት። እኛ ጋ ሲሆን ደግሞ ልቅሶ፣ እድር፣ እቁብ፣ ማኅበር ይጨመራል። ወረርሽኝ ሲመጣ የሚመታው እነዚህን ጥቂት መስመሮች ነው። አንዷ መስመር ስትቆረጥ ደግሞ ሌሎቹ አብረው ይናጋሉ። ትምህርት ቤት መጋቢት 7 ቀን 2012 ሲዘጋ የቆመው የተማሪው ጉዞ ብቻ አይደለም። ልጁን የምታደርሰው እናት፣ በር ላይ ቆሎና ማስቲካ የሚሸጠው ልጅ፣ ሰርቪስ የሚነዳው ሰው፣ የሁሉም መንገድ በአንድ ቀን ተቀየረ።

ይህን ሁሉ ተመራማሪዎች እንዴት ለኩት? ዋናው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የስልክ ታወር ነው። ኪሳችን ያለ ማንኛውም ስልክ በአቅራቢያው ካለ ታወር ጋር ይነጋገራል። ኦፕሬተሩም ስልኩ ከየትኛው ወደ የትኛው ታወር እንደተሻገረ ያውቃል። ከተማ ውስጥ ታወሮች ስለሚቀራረቡ ሰፈር ለመለየት ይበቃል፤ ገጠር ላይ ግን አንዱ ታወር ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን ሰውየው ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሄዶም "አልተንቀሳቀሰም" ሊባል ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ስማርት ስልኩ በጂፒኤስና በዋይፋይ የሚመዘግበው ነው።

በዚህ በሁለተኛው መንገድ ብዙ የተጠቀሰው የጎግል ሪፖርት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2020 ወጣ፤ መጀመሪያ 131 አገሮችን ይዞ ነበር። ቦታዎችን በስድስት ከፈላቸው፦ መዝናኛና ሱቅ፣ አስቤዛና መድኃኒት ቤት፣ መናፈሻ፣ የትራንስፖርት ጣቢያ፣ ሥራ ቦታ እና መኖሪያ ቤት። ከዚያ እያንዳንዱን ቀን ከወረርሽኙ በፊት ከነበረ "መነሻ" ጋር ያወዳድር ነበር። "ሥራ ቦታ 40 በመቶ ቀነሰ" ሲባል ጥያቄው ከምን ጋር ተወዳድሮ የሚለው ነው።

መነሻው ከጃንዋሪ 3 እስከ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2020 ያሉት አምስት ሳምንታት ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 24 እስከ ጥር 28 ቀን 2012 መሆኑ ነው። ገናም ጥምቀትም ውስጡ አሉ! የጥምቀትን ሰሞን "የተለመደ ጊዜ" የሚል አዲስ አበቤ ካለ አላውቅም። ሰዎቹ እንዲህ ዓይነቱ በዓል እንዳያጣምምባቸው አማካይ ሳይሆን በመካከል ላይ የሚገኘውን ቁጥር ወስደዋል። ከአምስት ሰኞዎች አንዱ በዓል ቢሆን አራቱ ያርሙታል። ወቅትን ግን አያርሙም። አውሮፓ በጃንዋሪ ብርድ ነው፤ መናፈሻ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፀሐይ ሲወጣ "የመናፈሻ ጉብኝት በዚህን ያህል በመቶ ጨመረ" የሚል ቁጥር መጣ። ከፊሉን ያመጣችው ፀሐይዋ ናት።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው "ቤት መቀመጥ 20 በመቶ ብቻ ጨመረ" የሚለውን አይቶ ማንም ቤቱ አልተቀመጠም ብሎ ደመደመ። ቆይ እንቁጠረው። አንድ ሰው በደህና ቀን 16 ሰዓት ቤቱ ነው እንበል፤ እንቅልፉም አለበት። ፈጽሞ ከቤት ባይወጣ 24 ሰዓት ይሆናል። ጭማሪው ቢበዛ 50 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ቀኑ አይለጠጥም። ስለዚህ እዚህ ላይ 20 በመቶ ማለት ብዙ ነው። የቤቱ ቁጥር ሰዓትን ነው የሚለካው፤ የሌሎቹ ቦታዎች ደግሞ የሚመጣውን ሰው። ሁለቱን አንድ ግራፍ ላይ አስቀምጦ ማወዳደር ኪሎን በሜትር እንደ መለካት ነው፤ ስንት ጋዜጣ እንዲያ አደረገው።

ዋናው ጥያቄ ግን የማን ስልክ ነው የሚለው ነው። ሪፖርቱ ይቆጥር የነበረው ስማርት ስልክ ያለውን፣ እሱም የቦታ ታሪክ መመዝገቢያውን በፈቃዱ ያበራውን ሰው ነው። እንጀራ ጋግራ በራሷ ተሸክማ ለሆቴል የምታደርሰው ሴት ተራ ስልክ ከያዘች መንገዷ እዚህ ሪፖርት ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ጉዞ በእግር ነው። ታክሲ የቆጠረ ሰው የከተማዋን ግማሽ ነው የቆጠረው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። ሰው ቤቱ የተቀመጠው መንግሥት ስለከለከለው ነው ወይስ ስለፈራ? ሁለት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁራን፣ ኦስተን ጉልስቢና ቻድ ሲቨርሰን፣ ይህን ለመለየት ብልህ ዘዴ ተጠቀሙ። አሜሪካ ውስጥ ጎረቤት የሆኑ፣ ሰዉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሠርቶ የሚገባባቸው፣ ግን በመሃላቸው የአስተዳደር ወሰን ያለባቸውን አካባቢዎች ፈለጉ። በአንዱ በኩል "ቤት ተቀመጡ" ተብሏል፤ በሌላው ገና አልተባለም። በሁለቱም በኩል ወደ ሱቅና ምግብ ቤት የሚሄደውን ሰው አነጻጸሩ። በጠቅላላው ጉዞው ከመቶ 60 ያህል ወርዷል። ከዚህ ውስጥ ሕጉ ያመጣው 7ቱን ብቻ ነው። ቀሪውን ጉዞ ሰው በራሱ ፈርቶ ነው የተወው።

አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ አልራቀችም። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ይፋ ሆነ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30 ነው። በመካከል ያሉትን ሳምንታት አስታውሱ። ወጣቶች በየመንገዱ ዳር ጀሪካንና ሳሙና ይዘው ያለፈ ያገደመውን እጅ ያስታጥቡ ነበር። ሰው በክርን ሰላም መባባል ጀመረ። ሦስት ጊዜ ጉንጭ ለሳመ ሕዝብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! አዋጁ ሲመጣ አራትና ከዚያ በላይ ሆኖ መሰብሰብን ከለከለ፤ ማስክን ግዴታ አደረገ፤ ትራንስፖርቱ በግማሽ እንዲጭን አለ። "ከቤት አትውጡ" ግን አላለም። የቤት መኪኖችም ለአጭር ጊዜ በታርጋቸው ሙሉና ጎዶሎ ቁጥር ተራ እየገቡ ወጡ።

ለምን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም? መልሱ ጉሊት ላይ ነው። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ሰው ቤቱ ተቀመጥ ቢባል ምን ይበላል? ሊስትሮው ሥራውን በዙም አይሠራውም። ቀን ሠራተኛውም እንዲሁ። ብዙ ቤቶች ውስጥ ደግሞ "ቤት መቀመጥ" የሚባለው ራሱ አንዲት ክፍል፣ የጋራ ቧንቧና የጋራ ሽንት ቤት ነው። እዚያ ቤት መዋል ከሰው መራቅ አይደለም።

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ኔቸር ላይ ያወጡት ጥናት አሥር ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞችን፣ 98 ሚሊዮን ሰዎችን ያካተተ ነበር። የዝቅተኛ ገቢ ሰፈር ነዋሪዎች እንቅስቃሴያቸውን የሀብታሞቹን ያህል መቀነስ አልቻሉም፤ ሥራቸው አካላቸውን ይፈልጋል። እስከዚህ ሁሉም ይገምታል። ሁለተኛው ግኝት ግን ገረመኝ። ሁለቱም ወገኖች አስቤዛ ለመግዛት ቢወጡ እንኳ የሚሄዱበት ሱቅ አንድ አይደለም። ድሃው የሚሄድበት ሱቅ በአማካይ በስፋቱ ልክ ሲሰላ በሰዓት 59 በመቶ የበለጠ ሰው ይገባበታል፤ ደንበኛውም 17 በመቶ ረዘም ላለ ጊዜ ውስጡ ይቆያል። ሁለቱም ጉዞ "አንድ" ተብሎ ይቆጠራል፤ አደጋው ግን የተለያየ ነው።

ያው ጥናት ስለ ሚኒባሳችንም የሚለው ነገር አለው፣ ሳያውቀው። ስለ ቺካጎ ከተማ ባሰላው መሠረት እያንዳንዱ ቦታ ከሚይዘው 20 በመቶ ሰው ብቻ እንዲያስገባ ቢደረግ አዲስ የሚያዘው ሰው ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ የሚታጣው ጉዞ ግን 42 በመቶ ብቻ ነው። እንዴት? ብዙ ቦታ አብዛኛውን ሰዓት ባዶ ስለሆነ ነው። ገደቡ የሚነካው ጭንቅንቁን ሰዓት ብቻ ነው። በግማሽ ጫን የሚለው የእኛ ሕግም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ልዩነቱ ቺካጎ ውስጥ ምግብ ቤት ሞልቶ የተመለሰ ሰው ቤቱ ይገባል ተብሎ መታሰቡ ነው። መገናኛ ላይ የተመለሰችው ሰባተኛዋ ግን ወይ ሰልፉ ላይ ትቆያለች፣ ወይ በእግሯ ትሄዳለች። ሥራ አላት።

ቤቱ የተቀመጠው ሰው ጉዞስ? ለባለ ደመወዙ ቤተሰብ ሱቅ የምትላላከው የቤት ሠራተኛዋ ሆነች። ዕቃው ከወደብ መምጣት ነበረበት፤ ሾፌሩ መንገድ ላይ ዋለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ ሲጠፋ ወደ 25 ከሚጠጉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር ነቅሎ ጭነት ጫነባቸው። ሰው ቆመ፣ ማስክና መድኃኒት በረረ።

ሳይወዱ በግድ የተንቀሳቀሱም ነበሩ። ሕንድ ውስጥ በማርች 2020 የአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጥቶ ሁሉ ነገር ሲዘጋ የቀን ሠራተኞች በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ መንደራቸው ተመሙ። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በዚያው ሰሞን ወደ 3,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መለሰች። ማረፊያ የሆኗቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ቀደም ብለው ወደየቤተሰባቸው ተበትነው ዶርሙ ባዶ ነበርና። ሰኔ ላይ ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ ሄዱ። የትኛውም የእንቅስቃሴ ግራፍ ላይ ይቺ ጉዞ ምን ተብላ እንደምትመደብ አላውቅም። "የትራንስፖርት ጣቢያ"?

በርቀትም ካየነው ብዙ ነገር አለ። ረጅሙ መንገድ ነው ቀድሞ የተቆረጠው። ባሕር ዳር ከሌሎች ጥቂት የአማራ ክልል ከተሞች ጋር በመጋቢት መጨረሻ ለ14 ቀን ተዘጋች። ትግራይም ኦሮሚያም በየፊናቸው የከተማ ለከተማ ትራንስፖርትን አገዱ። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ነበር። ዶሮና በግ ይዞ ወደ ቤተሰብ የሚጎርፈው ሕዝብ የለም፤ ቅዳሴውንም ሰው በቴሌቪዥን ነው ያየው። እስራኤል ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ በመጀመሪያው ሰገር (የእንቅስቃሴ እገዳ) ከቤታቸው ከ100 ሜትር በላይ አትራቁ ተብለው ነበር። 100 ሜትር! ጎረቤት ቡና ለመጠጣት እንኳ የማትበቃ ገመድ ናት።

አንዳንዴ ደግሞ ሰው ሳይሆን ቦታው ተንቀሳቀሰ። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ጠባብ ነው ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሜዳው ሰፊ ነው። ግን አንድ ገበያ ሲነሳ ከኋላው ስንት እግር እንደሚከተል አስቡት፦ ተሸካሚው፣ ጋሪ ገፊው፣ ከየሰፈሩ ሽንኩርት የምትረከበው ባለጉሊት፣ አይሱዙው። ክረምት ሲገባ ጃንሜዳ ጭቃ በጭቃ ሆነ። በጥር 2013 ጥምቀት ሲደርስ ታቦታቱ የሚያድሩበት ሜዳ መጽዳት ነበረበትና ገበያው ዳግመኛ ተነስቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ለነጋዴዋ "መንገድ" የሚለው ቃል በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተቀየረ።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚከታተሉ መሣሪያዎች የሰውንም እርምጃ፣ የመኪናውንም፣ የባቡሩንም ንዝረት ይሰማሉ። በ2020 በ117 አገሮች ያሉ 268 ጣቢያዎች መዝገብ ሲታይ ይህ የሰው ንዝረት እስከ 50 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ስልክ ያለውና የሌለው፣ ፈቃድ የሰጠውና ያልሰጠው ሳይለይ ሁሉንም የቆጠረ መሣሪያ ቢኖር ይሄ ነው።

ወደ ነበርንበት የተመለስነውስ እንዴት ነው? እኩል አልተመለስንም። ዋሽንግተን ዲሲን እንውሰድ፤ የእኛ ሰው የሞላባት ከተማ ናት። ሜትሮ ባቡሯ በ2020 ጸደይ ከ90 በመቶ በላይ ተሳፋሪ አጣ። በኤፕሪል 14 ቀን በመላው አሜሪካ የአውሮፕላን ጣቢያ ፍተሻ ያለፈው ሰው ወደ 87,000 ብቻ ነበር፤ ከዓመት በፊት በዚያው ሰሞን 2.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዲሲ ዳር ባለው ደለስ ኤርፖርት ላይ ተራ ለሚጠብቅ ሐበሻ ሾፌር ይህ ቁጥር አይደለም፤ የቤት ኪራይ ነው። በኋላ ከተማዋ ስትከፈት ቢሮ ገቢው ሁሉ አልተመለሰም፤ ከፊሉ ሥራውን ቤቱ አስቀረው። ባቡሩ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይሞላ ነበር፤ ሰኞና አርብ ይሳሳ ነበር። የድሮው የአምስት ቀን ሳምንት ሦስት ቀን ሆነ። ቢሮ የሚያጸዳው፣ በር የሚጠብቀው፣ ፓርኪንግ የሚያስከፍለው ግን አሁንም አካሉን ይዞ መሄድ አለበት። ለእሱ የቀነሰው ጉዞው ሳይሆን አርብ ቀን የሚያገኘው ገቢ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት የሳምንት ለውጥ አልመጣም። ቤቱ ሆኖ መሥራት የሚችለው ሰው ከመጀመሪያውም ጥቂት ነበር። አዋጁ በ2012 ማብቂያ ላይ ጊዜው አበቃ፤ ሚኒባሶቹም እንደ ድሮው ሞልተው መጫን ጀመሩ። ፍርሃቱ ግን ከአዋጁም ቀድሞ ነው የወረደው። የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። አገሪቱ ያን ጊዜ ድረስ ካየችው ሁሉ የከፋው ማዕበል የመጣው በመጋቢትና ሚያዝያ 2013 ነው፤ በቀን ከ2,000 በላይ አዳዲስ ታማሚዎች የተመዘገቡባቸው ቀናት ነበሩ። ከዓመት በፊት፣ ከተማው ጸጥ ባለበት ሰሞን፣ የቀኑ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነበር።

በዚያ በሁለተኛው መጋቢት አንድ ቀን ማታ ከመገናኛ ወደ ሰሚት ተሳፍሬ ነበር። ከኋላ ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት ሆነን ተቀምጠናል። ወያላው "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው" ይላል። ማስኩ አገጩ ላይ ነው። አጠገቤ ያለው ልጅ መስኮቱን በትንሹ ገለጥ ሲያደርግ ከፊት አንዲት እናት ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ እየሳቡ ዞረው አዩት።

"ኧረ ልጄ፣ ንፋስ ነው። ዝጋው።"

ዘጋው።